አራት ጣት እጥፋት

ትልቁ የስፖርት ውድድር ለከተማዋ ተፈቀደ የተባለ ዕለት ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ሲጨፍር፣ ልብስ ሰፊዋ ሱቋ ውስጥ ቆማ የተማሪ ሱሪ ትተኩስ ነበር። «እኛን የጠየቀን አለ?» አለች ካውያዋ ላይ ጎንበስ ብላ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታትም ያንኑ ጥያቄ መንገድ ቆፋሪውንም፣ ቧንቧ ዘርጊውንም፣ ባሏንም ስትጠይቅ ኖራለች፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋታል።

መጀመሪያ የመጡት ቆፋሪዎቹ ናቸው። ሱቋ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው የሚውጥ ቦይ ቆፈሩና ሁለት ጣውላ ጣል አድርገውበት ተሰወሩ። ደንበኞቿ ትንፋሻቸውን ይዘው መሻገር ጀመሩ። አንድ ቀን ሰውነታቸው ሞላ ያለ የሒሳብ አስተማሪ ኮት ሊያስተካክሉ መጥተው መሃል ላይ ሲደርሱ ጣውላው ሲንቋቋ ሰሙና ደርቀው ቀሩ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ ሲላቸው ኮቱን ከዚያው ሆነው ወረወሩላት። ቦዩ በተደፈነ በሳምንቱ የቧንቧ ሰዎች መጥተው ያንኑ ቦይ እንደገና ከፈቱት። እነሱ ሲሄዱ የመብራት ሰዎች መጡና ምሰሷቸውን ልክ በሯ ፊት ለፊት ተከሉት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሱቋ የሚገባ ሰው በጎኑ ነው የሚገባው። አቧራውንማ ተዉት። ጠዋት ነጭ ሆኖ የተሰቀለ ሸሚዝ ለምሳ ሰዓት አመድ ይመስላል።

«ጨጓራዬን ልጠው ጨረሱት» ትላለች ከሱቋ ጋር ወደተያያዘው ቤቷ ስትገባ።

ባሏ የዳምጠው ነጂ ነው፤ ያንን አስፋልት የሚጠቀጥቅ ባለ ብረት ጎማ ከባድ መኪና ይነዳል። ውድድሩ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጦ ነበር። ሥራ የፈታ ባል ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ያየች ሴት ታውቀዋለች፤ የድስት ክዳን ድምፅ እንኳ ነገር ይሆንበታል። አሁን ጠዋት ጠዋት እያፏጨ ነው የሚወጣው።

«አንቺ መልካሙን ማየት አይሆንልሽም እንጂ» ይላታል እግሩን እየታጠበ። «ይሄ ውሃ ከየት መጣ? ድሮ በሳምንት ሁለት ቀን አልነበር እንዴ የምናየው? ልጃችን አመሻሽ ላይ ከጎረቤት ስትመጣ መንገዱ ቀን መስሎ ነው የሚጠብቃት። ያቺ የምትረግሚያት ምሰሶ እኮ ናት።»

«ምሰሶዋ በሬ ላይ ናት።»

«ታዲያ በርሽን አበራችልሽ።»

ትስቃለች፤ በመሳቋ ደግሞ ትናደዳለች። ውሃው እውነት ነበር። ከመንገዱ ማዶ የተከፈተው ክሊኒክም እውነት ነበር፤ ባሏ ማፏጨቱም እንደዚሁ። ይህን ሁሉ ሽምጥጥ አድርጋ የምትክድ ሴት አይደለችም። አንጀቷን የሚያሳርራት «ነገ» የሚሉት ቃል ነው። በየአጥሩ ላይ የአንድ ሳቂታ ሕፃን ሥዕል ተለጥፎ ከሥሩ «ለነገው ትውልድ» ይላል። ቦዩ ለነገ፣ አቧራው ለነገ፣ የተዘጋው መንገድ ለነገ። «ዛሬን ለማን ሰጥታችሁት ነው?» ትለዋለች ሥዕሉን፣ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር።

የእሷ ሥራ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ሃያ ዓመት ሰፍታለች። ወላጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ የሚላት አንድ ነገር ነው፤ «ሦስት ዓመት ይቆይለት።» ስለዚህ ሜትሯን ዘርግታ ትለካና ሜትሩ የሚለው ላይ አራት ጣት ጨምራ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ያቺ አራት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፋ ትሰፋለች። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ልጁ ይመጣል፤ እሷም ክሩን ተርትራ እጥፋቱን ለቀቅ ታደርግለታለች። ይህን ሥራዬ ብላ ማሰብ ከተወች ቆይታለች። ዓይኗ ስልሳ ሲያይ እጇ ስልሳ ሰባት ይጽፋል።

በገዛ ልጇ ደግሞ ይብስባት ነበር። ልጅቷን ሚጢጢ ነው የሚሏት፤ ስትወለድ እፍኝ የማትሞላ ስለነበረች የወጣላት ስም ነው፤ እስከ አስር ዓመቷም አልለቀቃትም። ሚጢጢ ልኳ የሆነ ልብስ ለብሳ አታውቅም። እጅጌዋ ጣቶቿን ይውጣል፣ ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷን ይመታል። ስታማርር እናቷ «ትደርሽበታለሽ» ትላታለች። እውነትም ትደርስበታለች፤ በደረሰችበት ጊዜ ግን ልብሱ አልቋል።

ይህቺ ልጅ ናት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ ምሰሶውን በጎኗ አልፋ ሱቅ የገባችው።

«እማዬ፣ ተመረጥኩ» አለች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አጭር ስለሆንኩ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመክፈቻው ቀን ሰማንያ የትምህርት ቤቱ ልጆች በሜዳው መሃል ትልቅ አበባ ይሠራሉ። ከሰማንያዎቹ አሥራ ሁለቱ የአበባው እምብርት ናቸው፤ መጀመሪያ የሚነሡት እነሱ፣ ፊት ለፊት የሚታዩትም እነሱ። በላያቸው ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ካሜራ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ከእነዚህ አሥራ ሁለት አንዱም ከአንድ ሜትር ከሠላሳ መብለጥ የለበትም። ሚጢጢ አንድ ሜትር ከሃያ ስምንት ነበረች። በሕይወቷ ሙሉ ለመደርደሪያ የማትደርስ፣ በሰልፍ መጨረሻ የምትገፋ፣ በጎረቤት ልጆች አፍ «ሚጢጢ የት ወደቀች?» እየተባለች የምትፈለግ ልጅ ማነሷ ሲጠቅማት ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ በእግሯ መሄድ ተወች፤ ከወጥ ቤት ወደ ጓዳ ስትሄድም እየተሽከረከረች ነው።

ልብሱን ደግሞ የየሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ይስፉት ተባለና የትምህርት ቤቱ ሰማንያ ቀሚስ ለእናትየው ደረሰ። ከሃያ ዓመት ግራጫ ጨርቅ በኋላ ያ ነጭና ለስላሳ ጨርቅ እጇ ላይ ሲንሸራተት፣ ልብስ ሰፊዋ ደስ አላት። ለማንም አልተናገረችም እንጂ በጣም ደስ አላት። ሦስት ቀን ሙሉ ማንንም አልረገመችም፤ ባሏ አሟት ይሆን ብሎ ጠየቃት።

በአራተኛው ቀን የትዕይንቱ አስተባባሪ መጣች። ወጣት ናት፤ አንገቷ ላይ ሦስት መታወቂያ ካርድ ስለሚንጠለጠል ሰፈሩ «ባለካርዷ» ብሏታል። አንዱን ቀሚስ አንስታ ጫፉን በጣቶቿ ዳሰሰች።

«እትዬ፣ ይሄ ውስጥ የታጠፈው ምንድን ነው?»

«እጥፋት ነዋ።»

«ለምን?»

«ልጆች እኮ ያድጋሉ፣ ልጄ።»

«የአንድ ቀን ልብስ ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ባለካርዷ። «በካሜራ ሲታይ ጫፉ ወፍሮ ይታያል። ይቆረጥ።»

የአንድ ቀን ልብስ። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ሰማንያ ቀሚስ፣ ሰማንያ እጥፋት፤ ጥርሷን ነክሳ ቆረጠችው። መቀሱ በገባ ቁጥር የሆነ ልጅ እድገት የቆረጠች ይመስላት ነበር። ቁርጥራጩን መጣል አቃታት። ጠቅልላ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተችና የስፌት መኪናዋ ሥር ወሸቀችው።

ከዚያ መክፈቻው ተራዘመ። የስታዲየሙ ጣሪያ አልደረሰም፤ አምስት ወር ተጨመረ። አምስት ወር ለጣሪያ ምንም አይደለም፤ ለአስር ዓመት ልጅ ግን ብዙ ነው። ልጆቹ በክረምት እንደበቀለ ሣር ተመዘዙና ቀሚሶቹ ከጉልበት በላይ ቀሩ። ባለካርዷ ጭንቅ ብሏት አንድ ጥቅል ሰማያዊ ሪባን ታቅፋ መጣች፤ በየቀሚሱ ጫፍ ይቀጠል ተባለ።

«አላልኩም?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «አራት ጣት ብትተዉልኝ ኖሮ?» ይህንን ለባለካርዷ ብቻ አይደለም፣ ለባሏም፣ ለጎረቤትም፣ ለሒሳብ አስተማሪውም ነገረች። ትክክል መሆን ይጥማል። ሪባኑን ስትቀጥል የገዛ ልጇ ቀሚስ ብቻ እንዳላጠረ አየች፤ ልጇ በአምስት ወር ውስጥ የፀጉር ያህል እንኳ አልጨመረችም። «የኔ ሚጢጢ» አለች በልቧ፤ አለፈችው።

ልጆቹ ሁሉ ዳግመኛ ተለክተው ነበር። ባለካርዷ ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ አንድ በአንድ ለክታ ጻፈች። ያን ቀን ሚጢጢ ግን በዝናብ ተለማምዳ ጉንፋን ይዟት ቤት ተኝታ ነበርና ቅጹ ለእናቷ ተላከ፤ ወላጅ ለክቶ ይሙላ ተብሎ። ቅጹ የደረሳት የቧንቧ ሰዎች ለሦስተኛ ጊዜ በመጡበት ጠዋት ነው። ሚጢጢን ከአልጋ አስነሥታ ከበሩ መቃን ጋር አቆመቻት። አንድ ዓይኗ ሜትሩ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ደጅ ላይ፣ አፏ ደግሞ ቆፋሪዎቹ ላይ ነበር።

«አስፋልቱን በቀደም ነው እኮ ያለበሱት፤ ባሌ ነው የጠቀጠቀው። ማን ጠይቋችሁ ነው ደግሞ የምትቦረቡሩት?»

«ስንት ሆንኩ፣ እማዬ?» አለች ሚጢጢ በተዘጋ አፍንጫ።

«ዝም ብለሽ ቁሚ፤ ስታወሪ ትወዛወዢያለሽ።»

«ንገሪኛ፣ ስንት ሆንኩ?»

«ዝም በይ አልኩሽ።»

ለካች፣ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቅጹን ለጎረቤት ልጅ አስይዛ ላከች፤ ቆፋሪዎቹን ልታስቆም ወጣች።

መክፈቻው አምስት ቀን ሲቀረው የስም ዝርዝሩ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ሚጢጢ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ የለችም። ስሟ ከታች፣ ለብቻው፣ «ተጠባባቂ፤ ከተወሰነው ቁመት በላይ» ከሚል ጽሑፍ ጎን ነበር።

ልጅቷ ቤት ገብታ አልጮኸችም። ትራሱን ፊቷ ላይ ጭና ተኛች። እናቷ ትራሱን ልታነሣ ስትሞክር ያዘችው።

«ውሸት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቀሚስሽ ልክሽ ነው። አንዲት ጣት አልረዘምሽም። የአንዱን ትልቅ ሰው ልጅ ሊያስገቡ ነው ያስወጡሽ። ሜትሬን ይዤ ሄጄ ካላሳየኋቸው ሞቼ እገኛለሁ።»

ጎረቤቱም አገዛት። ልጅ አደገች ብሎ መቅጣት ተሰምቶ ያውቃል ወይ፣ ተባለ። የሒሳብ አስተማሪው እንኳ «ይሄ ግፍ ነው፣ የሚጢጢ እናት» አሉ፤ ምሰሶው ማለፊያ ስለነሳቸው ከደጅ ሆነው።

የአስተባባሪዎቹ ቢሮ ከሱቋ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት። አዲሱ መንገድ ካርድ ለሌለው ሰው ዝግ ነው፤ ባሏ ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የጠቀጠቀውን መንገድ ሚስቱ እንዳትረግጠው ጠባቂ ቆሞበታል። በውስጥ ለውስጥ ዞረች። አውቶቡሱ መስመሩ ተቀይሮ ከመጣችበት ይብስ ርቆ አወረዳት። ቢሮው በር ላይ ደግሞ ፈታሿ ሽርጧ ኪስ ውስጥ መቀስ አገኘች።

«ይሄ ምን ያደርግልዎታል?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እዚህ የሚሰፋ ልብስ የለም።»

«እሱን እናያለን» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ መቀሷን ትታ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ገባች።

ባለካርዷ በወረቀት ክምር መሃል ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ቅጥ አምባሩ ጠፍቷል፤ እንግዳዋን ስታይ ግን ከወንበሯ ተነሣች።

«እትዬ፣ በደህና ነው?»

«በደህና አይደለም። ልጄን ማን እንደለካት እንድትነግሪኝ ነው የመጣሁት። እስከ ዛሬ ያደረጋችሁትን ሁሉ ችያለሁ። በሬን ዘጋችሁ፣ ቻልኩ። እጥፋቴን ቆረጣችሁ፣ ቻልኩ። የልጄን ቁመት ግን አትዋሹብኝም። አንድ ሜትር ከሃያ ስምንት ናት። ዛሬም ናት። ማነው ሌላ የጻፈው?»

ባለካርዷ ክምሩን ገለበጠች፣ አንድ ወረቀት መዘዘች፣ በጠረጴዛው ላይ አዙራ ገፋችላት።

አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት ይላል። አምስቱ ረዥም ጭራ አለው፤ ልብስ ሰፊዋ አምስትን የምትጽፈው እንደዚያ ነው። ከሥሩ የራሷ ፊርማ አለ። ሃያ ስምንት፣ አራት ጣት ሲጨመርበት፣ ሠላሳ አምስት።

ክው አለች። ማንም ተቀመጪ ሳይላት ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ሙሉ የጨመረችው አራት ጣት ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ ደረቷ ላይ የተጫነ መሰላት። ባለካርዷ ውሃ ቀዳችላት።

«እጄ ነው» አለች በመጨረሻ። «እኔ... ዩኒፎርም ነው የምሰፋው። እጄ ይጨምራል። ልጄ ሠላሳ አትሞላም። ላምጣትና ለኪያት፤ አሁኑኑ አመጣታለሁ።»

«አምናለሁ፣ እትዬ። ሳልለካትም አምናለሁ።» ባለካርዷ ግንባሯን አሸች። «ግን ዝርዝሩ ተልኳል። የመግቢያ ካርዱ በተተኪዋ ስምና ፎቶ ታትሟል። ያለ ካርድ ልጅ አይደለም እኔም አልገባም። ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ልብስ ሰፊዋ የምትጣላው ሰው ፈልጋ ዙሪያዋን አየች፤ ሰው አጣች። ካሜራውን በገመድ ያንጠለጠለውን፣ ጣሪያውን ያዘገየውን፣ ቧንቧ የቀበረውን ሁሉ በልቧ ጠራችና ማንም አልመጣላትም። ባለካርዷ በእጥፍ የከበደ ሌላ ነገር ነበራት። «ተተኪዋ ልጅ ከሚጢጢ ቀጠን ትላለች፣ እትዬ። ቀሚሱ...»

«አምጪያት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የልጅቷ ጥፋት ምንድን ነው?»

ቤት ስትደርስ ሚጢጢ ከትራሷ ሥር ወጥታ በሩ ላይ እየጠበቀቻት ነበር። የእናቷን ፊት አየች፤ ያልተጣላች እናት አየች። ነገሩን በራሷ መንገድ ተረዳችው።

«እውነታቸውን ነው ማለት ነው?» አለች። «ረዝሜያለሁ?»

እዚህ ላይ መናገር ትችል ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩሉ የመልስ መንገድ ስታዘጋጀው የመጣችው እውነቱን ነበር። የልጅቷን ፊት ስታይ ግን ተወችው።

«አዎን» አለቻት። «ረዝመሻል።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለልብስ ሰፊዋ ከቆፋሪዎቹ ሦስት ዓመት ይበልጥ ከበዷት። ሚጢጢ ተጽናናች። ተጽናናች ብቻ አይደለም፣ ኮራች። እጇን ለመታጠብ የምትቆምበትን ዱካ ለጎረቤት ሕፃን ሰጠች፤ ከዚያ ቧንቧው ላይ ለመድረስ በእግር ጣቶቿ ቆማ ፊቷ በርበሬ ይመስላል። አባቷን የኮት መስቀያውን ከፍ አድርግልኝ አለችው። «ሚጢጢ አትበሉኝ፤ እሱ ድሮ ቀረ» አለች። በዚያው ሰሞን ተተኪዋ ሱቅ መጣች፤ ዓይነ አፋር፣ ጭራሽ ከሰው ፊት የማትቆም ልጅ ናት። ልብስ ሰፊዋ የልጇን ቀሚስ አልብሳት በጎኑ እያጠበበች ስፒል ትወጋ ጀመር። ልጅቷ «ያምማል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። «አንቺን አይወጋሽም» አለቻት።

መክፈቻው አንድ ቀን ሲቀረው ለባሏ ነገረችው። ምሳ ላይ ነበሩ። ዳቦውን አስቀመጠ።

«ተያት» አለ። «ረዘምኩ ብላ ደስ ብሏታል። መቼም ነገ ትረዝማለች።»

«አንተም ነገ አልክ?» አለች። ተነሥታ ልጅቷን ጠራቻት። ሳትቀመጥ፣ ሽርጧን እንደለበሰች፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሜትሩ ያለውን፣ እጇ የጻፈውን፣ ቢሮ ውስጥ ያየችውን፣ ከቢሮ ስትመለስ የዋሸችውን።

ሚጢጢ ሰምታ ስትጨርስ ወደ በሩ ሄደችና ተረከዟን ከመቃኑ ጋር አጣብቃ ቆመች።

«ለኪኝ።»

ለካቻት። በዚህ ጊዜ አፏም ዓይኗም ሌላ ቦታ አልነበረም።

«ስንት ይላል?»

«አንድ ሜትር ከሃያ ስምንት።»

«ያን ጊዜ ጠይቄሽ ነበር።»

«አዎን።»

«ሁለቴ ጠየቅሁሽ። ዝም በይ አልሽኝ።»

«አዎን፣ ልጄ።»

ሚጢጢ አላለቀሰችም። ወገቧን ያዘች፤ አባቷ ዳቦው ላይ አቀረቀረ፤ ይህን አቋቋም ከማን እንዳመጣችው ያውቃልና። «ማን ጠይቆሽ ነው የጨመርሽው?» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። ልጅቷ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሱቋ ሄደች። ከመኪናዋ ሥር ከረጢቱን ጎትታ አወጣችና ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ሰማንያ ነጭ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ አራት ጣት። አንዱን ከአንዱ እየገጠመች መስፋት ጀመረች። የምትሰፋበትን ልክ ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም፤ በጽሑፍ ለጊዜው እጇን አታምነውም። በየመሃሉ ሜትሩን እያነሣች ጨርቁ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጣቷ ከልኩ አልፎ ሊንሸራተት ሲል ትመልሰዋለች።

በማግስቱ የመክፈቻው ቀን ሱቆች ሁሉ ዝግ ነበሩ፤ መንገዱም ዝግ ነበር። ጎረቤቱ በጎኑ እየገባ ሱቋ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። እውነቱን ለመናገር ትዕይንቱ ያምር ነበር። ልብስ ሰፊዋ እንከን ፈልጋ አጣች። አበባው በነጭና በሰማያዊ ሲከፈት፣ ያቺ ዓይነ አፋር ልጅ በሚጢጢ ቦታ ቀድማ ስትነሣ፣ ካሜራው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የገዛ ስፌቷን በጉልህ አየችው። ጥግ የተቀመጠችው ሚጢጢ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ትቆጥር ነበር፤ «አምስት፣ ስድስት፣ ዙሪ፣ እጅ ወደላይ።» አንዴም አልተሳሳተችም። ሲያልቅ ሰዉ አጨበጨበ፤ እሷም አጨበጨበች፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

እናቷ ተከትላት ገባችና ቀሚሱን ሰጠቻት። ስፌት በስፌት ላይ የተነባበረ ነጭ ቀሚስ ነው። ሚጢጢ ምንም ሳትናገር ለበሰችው። ትከሻው ትከሻዋ ላይ ነበር። እጅጌው አንጓዋ ላይ ቆመ። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጎንበስ ብላ ጫፉን በጣቶቿ ገልበጥ አደረገች።

«እጥፋቱስ?»

«የለውም።»

«ሲያጥረኝስ?»

«ሲያጥርሽ ሌላ እሰፋልሻለሁ።»

ልጅቷ እጆቿን ዘርግታ አንጓዋን አየች፣ ከዚያ ጉልበቷን አየች። «አልታረቅኩሽም» አለች። «ገና ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ምሰሶውን በጎኗ አልፋ ወጣች። አዲሱ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር፤ አንድ መኪና አይታይም። መሃሉ ላይ ስትደርስ ቁጢጥ ብላ ዓይኗን ጨፈነች፣ በከንፈሯ ቆጠረች፣ ከዚያ ተነሥታ መሽከርከር ጀመረች። ከሱቁ የወጣው ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ ያያት ጀመር።

ጠባቂው ከማዶ መጣ። «መንገዱ ዝግ ነው፣ ልጅቷን ያስገቧት» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ወገቧን ይዛ በመሃላቸው ቆመች። «ይሄን መንገድ የጠቀጠቀው አባቷ ነው» አለችው። «ስትጨርስ ትገባለች።»